ጆን ኬኔዲና ፋብሪካ የተዘጋባቸው ሠራተኞች

ጆን ኤፍ ኬኔዲ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን የኩባ ሚሳኤል ቀውስ፣ ወደ ጨረቃ የመሄድ እቅድና የዳላሱ ግድያ ነው። ስድስት ኪሎ ለሚመላለስ ተማሪ ደግሞ ኬኔዲ ከሁሉ በፊት የቤተ መጻሕፍት ስም ነው። ይሁን እንጂ ኬኔዲ በር ላይ እንገናኝ ብሎ ቀጠሮ የያዘ ተማሪ ሁሉ የሰውየውን ታሪክ ያውቃል ማለት አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ ላወጋችሁ የፈለግኩት ብዙ ስለማይወራለት ኬኔዲ ነው። ይኸውም ከውጭ አገር በሚገባ ሸቀጥ ምክንያት ከሥራ የተፈናቀለን ሠራተኛ መንግሥት ይደግፈው፣ አዲስ ሙያም ያስተምረው የሚለውን ሐሳብ ሕግ ስላደረጉት ኬኔዲ ነው። ስለዚህ ሕግ ፊልም አልተሠራም፣ በስሙም የተሰየመ አደባባይ የለም። ነገር ግን ሕጉ ለ60 ዓመት ያህል አንድ ከባድ ጥያቄ ይዞ ኖሯል። ንግድ ለአገር ይጠቅማል ከተባለ፣ በዚያው ንግድ እንጀራውን ያጣውን ሰው ማን ይካሰው? (አንባቢ ግር እንዳይለው፣ በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሀብታም ቤት ልጅ

ኬኔዲ የተወለዱት ሜይ 29 ቀን 1917 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ቦስተን ከተማ አጠገብ ባለችው ብሩክላይን ነው። አባታቸው ጆሴፍ ኬኔዲ፣ እናታቸው ሮዝ ፊትዝጀራልድ ይባላሉ። ከዘጠኝ ልጆች መካከል ሁለተኛው ናቸው። የቤተሰቡ ታሪክ የሚጀምረው በስደት ነው። ቅድመ አያታቸው ፓትሪክ ኬኔዲ የአየርላንድ ድንች በበሽታ ተመትቶ ሕዝቡ በረሃብ ባለቀበት በ1840ዎቹ መጨረሻ ባሕር አቋርጠው ቦስተን ገቡ። እዚያም በርሜል እየሠሩ ኖሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ በወጣትነታቸው ሞቱ።

የልጅ ልጃቸው ጆሴፍ ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ገቡ። በባንክ፣ በአክሲዮን ገበያና በፊልም ንግድ ከአገሪቱ ትላልቅ ባለጸጎች አንዱ ሆኑ። በ1934 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አዲስ ያቋቋሙት የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን የመጀመሪያ ሊቀመንበር አደረጓቸው፤ በ1938 ደግሞ በእንግሊዝ የአሜሪካ አምባሳደር ሆኑ። የእናትየው አባት በበኩላቸው የቦስተን ከንቲባ ነበሩ። እንግዲህ ትንሹ ጆን ሀብትም ፖለቲካም በሞላበት ቤት ነው ያደጉት። ከ1929 በኋላ ሚሊዮን አሜሪካውያን ሥራ አጥተው ለሾርባ ሲሰለፉ የኬኔዲ ማዕድ አልጎደለም። ይህን ማስታወስ ይገባል፤ ምክንያቱም በኋላ ስለ ሥራ አጦች ሲሟገቱ በራሳቸው ላይ የደረሰ ነገር ይዘው አይደለም።

በልጅነታቸው ያልጎበኛቸው ነገር ቢኖር ጤና ነው። በየጊዜው ሆስፒታል ይገቡ ነበር። የጀርባ ሕመም እስከ ሞታቸው ተከትሏቸዋል። በ1940 ከሃርቫርድ ሲመረቁ የጻፉት ጥናት፣ እንግሊዝ ለጦርነቱ ለምን ሳትዘጋጅ እንደቀረች የሚተነትን ነበር፤ በዚያው ዓመት መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። ከዚያ ባሕር ኃይል ገቡ። በኦገስት 1943 በሰሎሞን ደሴቶች አካባቢ ያዝዟት የነበረችውን ትንሽ የጦር ጀልባ አንድ የጃፓን መርከብ ለሁለት ሰነጠቃት። ኬኔዲ የቆሰለውን ባልደረባቸውን የነፍስ አድን ሰደርያ ማሰሪያ በጥርሳቸው ነክሰው ለሰዓታት እየዋኙ ወደ ደሴት አደረሱት። በቀጣዩ ዓመት ግን ቤተሰቡ ለፖለቲካ ያጨው ታላቅ ወንድማቸው ጆሴፍ ትንሹ በአውሮፕላን ፍንዳታ ሞተ። የአባት ተስፋ ወደ ሁለተኛው ልጅ ዞረ።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደስ የሚለው ነገር ኬኔዲ ከፖለቲካው በፊት ለጥቂት ጊዜ የእኛው ሙያ ባልደረባ መሆናቸው ነው። በ1945 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በሳንፍራንሲስኮ ሲመሠረት ለኸርስት ጋዜጦች ዘጋቢ ሆነው ሠርተዋል። አልቆዩበትም እንጂ!

ከሐር ሱሪ ወደ ፋብሪካ ሰፈር

በ1946 ኬኔዲ በ29 ዓመታቸው ለተወካዮች ምክር ቤት ተወዳደሩና አሸነፉ። የተወዳደሩበት ወረዳ የወደብ ጫኝና አውራጆች፣ የፋብሪካ ሠራተኞችና የስደተኛ ልጆች ሰፈር ነበር። ቀጫጫ፣ ወባ ያጠወለገው፣ የሚሊየነር ልጅ እየተነሳ የሦስት ፎቅ ደረጃ ሲወጣና በር ሲያንኳኳ መጀመሪያ የሳቀበት ሰው ቀላል አልነበረም። በምክር ቤቱ የትምህርትና የሠራተኛ ጉዳይ ኮሚቴ አባል ሆኑ። በ1947 የሠራተኛ ማኅበራትን ጉልበት የሚቀንሰው የታፍት ሃርትሊ ሕግ ሲቀርብ ተቃውመው ድምፅ ሰጡ፤ ሕጉ ግን አለፈ።

በ1952 ስመ ጥሩን ሴናተር ሄንሪ ካቦት ሎጅን አሸንፈው ሴኔት ገቡ። አሁን ኃላፊነታቸው ለአንድ ወረዳ ሳይሆን ለመላው ማሳቹሴትስ ሆነ። ማሳቹሴትስ ደግሞ በዚያን ጊዜ ታማ ነበር።

ሕመሙ ምን መሰላችሁ? ሎዌል፣ ሎረንስ፣ ፎል ሪቨርና ኒው ቤድፎርድ የሚባሉት ከተሞች የተገነቡት በጨርቃ ጨርቅ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ የፋብሪካ ዘመን ከተጀመረባቸው ቦታዎች ዋነኞቹ ናቸው። በወንዝ ዳር የተደረደሩት ቀይ የጡብ ሕንፃዎች ብዙ ሺህ ሰው ያሠሩ ነበር፤ አባት ከሠራበት ልጅ ይቀጠራል፣ እናትና ልጅ በአንድ ፈረቃ ይገባሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ፋብሪካዎቹ እየተከታተሉ መዘጋት ጀመሩ። ብዙዎቹ ደመወዝ ርካሽ ወደሆነበትና የሠራተኛ ማኅበር ወደሌለበት ወደ ደቡብ ግዛቶች ሄዱ። ከጊዜ በኋላ ደግሞ ከጃፓን የሚመጣው ርካሽ ጥጥ ጨርቅ በቀረው ላይ ተጨመረ።

ሃምሳ ዓመት የሞላት ፈታይ ወዴት ትሂድ? የምታውቀው ማሽን አንድ ነው፤ የምታውቀውም ከተማ አንድ ነው። ቤቷን ሸጣ እንዳትሄድ በተዘጋ ፋብሪካ ከተማ ቤት የሚገዛ የለም። ፋብሪካው ሲዘጋ ዳቦ ቤቱም፣ ጫማ ጠጋኙም፣ የደብሩ ሙዳየ ምጽዋትም አብሮ ይደርቃል።

ኬኔዲ በሜይ 1953 ስለ ኒው ኢንግላንድ ኢኮኖሚ ችግር ለሴኔቱ ሦስት ረጃጅም ንግግር አደረጉ። በንግግሮቹ ካቀረቧቸው መፍትሔዎች መካከል ሠራተኛን አዲስ ሙያ ማሠልጠን አንዱ ነበር። ወጣት ሴናተር ሆነው ስም ያወጡት በውጭ ጉዳይ ሳይሆን በዚህ አሰልቺ በሚመስል፣ ቁጥር በበዛበት የፋብሪካ ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል።

የብረት ሠራተኛው ሐሳብ

ሐሳቡ የኬኔዲ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1953 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የአገሪቱን የውጭ ንግድ የሚመረምር ኮሚሽን አቋቁመው ነበር። ሊቀመንበሩ ክላረንስ ራንዳል የሚባሉ የብረት ኩባንያ ኃላፊ ሲሆኑ ከአባላቱ አንዱ የብረት ሠራተኞች ማኅበር ፕሬዚዳንት ዴቪድ ማክዶናልድ ነበሩ። ማክዶናልድ ያቀረቡት ሐሳብ በአጭሩ እንዲህ ነው። ቀረጥ ይቀነስ፣ ንግድም ይስፋ፤ ነገር ግን በዚህ ምክንያት ሥራውን የሚያጣ ሠራተኛ ከመንግሥት ገንዘብና ሥልጠና ያግኝ፤ የተጎዳው ኩባንያም ወደ ሌላ ምርት እንዲዞር ይታገዝ።

ኮሚሽኑ አልተቀበለውም። ያኔ ከተነሡት መከራከሪያዎች አንዱ ዛሬም ይሰማል። ሠራተኛ በአዲስ ማሽን ምክንያት ይባረራል፣ ፋብሪካው ወደ ሌላ ግዛት ስለሄደ ይባረራል፣ ፋሽን ስለተለወጠም ይባረራል። ታዲያ በውጭ ዕቃ ምክንያት የተባረረው ከሌላው በምን ይለያል? መልሱ ከባድ አይመስለኝም። ማሽኑን ያመጣው ኩባንያው ነው፤ ቀረጡን የሚቀንሰው ግን መንግሥት ነው። መንግሥት በሕዝብ ስም ውል ሲፈርም ሸማቹ ርካሽ ሸሚዝ ያገኛል፣ ላኪው አዲስ ገበያ ያገኛል፤ ሂሳቡን የሚከፍለው ግን በአንዲት ከተማ ያለ ጥቂት ሰው ነው። ሁሉም የተጠቀመበትን ነገር ጥቂቱ ብቻውን ይክፈል ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

በ1954 ኬኔዲ ይህንኑ ሐሳብ በረቂቅ ሕግ መልክ ለሴኔት አቀረቡ። አላለፈም። በዚያው ዓመት የጀርባ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ለሞት ተቃርበው ነበር፤ ተኝተው በነበሩበት ወራት ያዘጋጁት ስለ ደፋር ሴናተሮች የሚተርከው መጽሐፍ በ1957 የፑሊትዘርን ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ረቂቁ ግን መደርደሪያ ላይ ቀረ። ስምንት ዓመት ጠበቀ።

የዌስት ቨርጂኒያ ትምህርት

በ1960 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ወሳኝ ከነበሩት የፓርቲ ምርጫዎች አንዱ የዌስት ቨርጂኒያው ነው። ግዛቱ የድንጋይ ከሰል አገር ሲሆን ሕዝቡ በብዛት ፕሮቴስታንት ነው፤ ኬኔዲ ደግሞ ካቶሊክ ናቸው። ሁሉም የጠበቀው በሃይማኖታቸው ይሸነፋሉ ብሎ ነበር። እሳቸው ግን ለሳምንታት ከማዕድን መንደር ማዕድን መንደር እየዞሩ ከቆፋሪዎች ጋር ተነጋገሩ። ማሽን የብዙዎቹን ሥራ ወስዶታል። ቤተሰብ በመንግሥት የዱቄትና የወተት ዱቄት እርዳታ ይኖራል። የሀብታሙ ልጅ እንዲህ ያለውን ድህነት በቅርብ ያዩት እዚያ ነው ይባላል። ምርጫውን አሸነፉ።

በኖቬምበር 1960 ሪቻርድ ኒክሰንን ያሸነፉት ከ68 ሚሊዮን በላይ ሰው በመረጠበት ምርጫ ከ120 ሺህ ባነሰ ድምፅ ብልጫ ነው። በዚህ ምርጫ በቴሌቪዥን የተላለፈው ክርክር ያደረገውን አስተዋጽኦ በክፍል ውስጥ ስለተማርነው አልመለስበትም። ጃንዋሪ 20 ቀን 1961 ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በማግስቱ የፈረሙት የመጀመሪያው ትእዛዝ ለችግረኛ ቤተሰቦች የሚታደለው ምግብ እንዲጨምር የሚያዝ ነበር። ዌስት ቨርጂኒያን አልረሱም ማለት ነው።

ከዚያ በተከታታይ ሁለት ሕጎች መጡ። የመጀመሪያው በሜይ 1961 የወጣው ሥራ አጥነት የጠናባቸውን አካባቢዎች የሚያግዝ ሕግ ነው፤ ለሥልጠና የገባ ሰው እስከ 16 ሳምንት መጠነኛ የኑሮ ገንዘብ እንዲያገኝ ይፈቅዳል። ሁለተኛው በማርች 1962 የወጣው የሰው ኃይል ማሠልጠኛ ሕግ ነው። ሦስተኛውና ትልቁ ግን ገና ነበር።

የ1962ቱ ሕግ

በዚያን ጊዜ አሜሪካን ያሳሰባት የአውሮፓ የጋራ ገበያ ነው። በ1957 በሮም ውል የተሳሰሩት ስድስት አገሮች እርስ በርሳቸው ቀረጥ እያነሱ፣ ለውጭው ግን አንድ አጥር እያጠሩ ነበር። የአሜሪካ ዕቃ ውጭ እንዳይቀር ፕሬዚዳንቱ ከአውሮፓ ጋር የሚደራደሩበት ሰፊ ሥልጣን ያስፈልጋቸዋል። በ1934 በሩዝቬልት ጊዜ ተጀምሮ በየጊዜው ሲታደስ የኖረው የንግድ ስምምነት ሕግም ጊዜው ሊያበቃ ተቃርቧል። ኬኔዲ ጃንዋሪ 25 ቀን 1962 ለኮንግረሱ መልእክት ላኩ። ቀረጥን እስከ 50 በመቶ የመቀነስ ሥልጣን ጠየቁ። ከጥያቄው ጋር በ1954 የወደቀችውን ሐሳብ አያይዘው አቀረቡ።

እዚህ ላይ ሐቁን እንነጋገር። ድጋፉ ርኅራኄ ብቻ አልነበረም፤ የፖለቲካ ስሌትም ነበረበት። የሠራተኛ ማኅበራት ሕጉን እንዲደግፉ ለአባሎቻቸው የሚናገሩት ነገር ያስፈልጋቸው ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ግዛቶችን ተወካዮች ድምፅ ለማግኘት ደግሞ ኬኔዲ ሌላ መንገድ ሄደዋል። ከ1961 ጀምሮ ወደ አገር የሚገባውን የጥጥ ጨርቅ በኮታ የሚገድቡ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች እንዲፈረሙ አደረጉ። ስለ ነፃ ንግድ እየሰበኩ ለአንዱ ዘርፍ አጥር ማጠር ነው ነገሩ። እንዲህም ሆኖ ረቂቁ በተወካዮች ምክር ቤት በ298 ለ125፣ በሴኔት በ78 ለ8 አለፈ። ኬኔዲ ኦክቶበር 11 ቀን 1962 ፈረሙበት። ከአምስት ቀን በኋላ የኩባ ሚሳኤሎች ፎቶግራፍ ጠረጴዛቸው ላይ ደረሰ። የሕጉ ወሬ በዚያው ተዋጠ።

ሕጉ ለሠራተኛው የሚሰጠው ምን ነበር? ሥራውን በውጭ ዕቃ ምክንያት ማጣቱ የተረጋገጠለት ሰው ከቀድሞ ሳምንታዊ ደመወዙ 65 በመቶ ይከፈለዋል፤ ጣሪያ ግን አለው። ለምሳሌ በሳምንት 80 ዶላር ያገኝ የነበረ ሰው 52 ዶላር ያገኛል እንበል። ክፍያው እስከ 52 ሳምንት ይቆያል። ሥልጠና ላይ ያለ ሰው ትምህርቱን እንዲጨርስ 26 ሳምንት ይጨመርለታል፤ ዕድሜው ከ60 ያለፈ ደግሞ 13 ሳምንት ይጨመርለታል። ሥራ ወዳለበት ሌላ ከተማ ለሚሄድ የቤተሰብ ኃላፊ የጓዝ ማንሻና የመቋቋሚያ ገንዘብ ይሰጠዋል። ተራው የሥራ አጥ ክፍያ በአብዛኛው 26 ሳምንት ብቻ በነበረበት ዘመን ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ቃል ተገብቶ ያልተከፈለ

አሁን ወደሚያሳዝነው ክፍል ደረስን። ሕጉ በር ላይ ሁለት መቆለፊያ ነበረው። አንደኛ፣ የገባው ዕቃ የጨመረው በዋናነት መንግሥት ቀረጥ በመቀነሱ ምክንያት መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ሁለተኛ፣ ለሥራው መጥፋት ዋናው ምክንያት ያ የገባው ዕቃ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። አረጋጋጩ የታሪፍ ኮሚሽን ነው። እስቲ አስቡት! አንድ ፋብሪካ ሲዘጋ ማሽኑ አርጅቶ፣ ደንበኛው ቀንሶ፣ ሥራ አስኪያጁ ተሳስቶ፣ የጃፓን ዕቃም ገብቶ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ድምር ይበልጣል ብሎ ማረጋገጥ የሚችል ጫማ ሰፊ የት ይገኛል?

ውጤቱ ይኸው ነው። ከ1962 እስከ 1969 ድረስ በዚህ ሕግ አንድም ሠራተኛ አንድም ዶላር አላገኘም። አመልካቾች እየመጡ ሁሉም ተመለሱ። የመጀመሪያው አዎንታዊ ውሳኔ የተሰጠው በኖቬምበር 1969 ነው። በዚህ መካከል በኬኔዲ ስም የተሰየመው የቀረጥ ድርድር በጄኔቫ ተካሂዶ በጁን 1967 ተጠናቋል፤ ትላልቆቹ አገሮች በፋብሪካ ምርት ላይ የሚጥሉት ቀረጥ በአማካይ በሲሶ ያህል ቀነሰ። ይታያችሁ፣ ከአንድ ሕግ የወጡ ሁለት ተስፋዎች ነበሩ። ለነጋዴው የተገባው ተስፋ በአምስት ዓመት ውስጥ ተፈጸመ። ለሠራተኛው የተገባው ሰባት ዓመት ወረቀት ላይ ተኛ። የሠራተኛ ማኅበራት በኋላ ድጋፉን ከቀብር ማስፈጸሚያ ጋር ማመሳሰላቸው አይገርምም። እኛ አገር ቢሆን እድር ብለን እንቀልድበት ነበር፤ እድር እንኳ ግን ለቀብሩ በሰዓቱ ይደርሳል!

ጥፋቱ የማን ነው? ኮሚሽኑ የተጻፈለትን ሕግ ነው የተከተለው። ሕጉን ያረቀቀው የኬኔዲ አስተዳደር ነው፤ ያጸደቀው ኮንግረሱ ነው። ገንዘቡ እንዳይባክን ተብሎ የተደረገ ጥንቃቄ ሕጉን ራሱን ገደለው። እኔ ከዚህ የምረዳው አንድ ነገር ነው። ለድሃ የሚሰጥ መብት ሲጻፍ ዋናው አንቀጽ ስንት ይከፈላል የሚለው ሳይሆን ማን ያረጋግጥ፣ በምን ያረጋግጥ የሚለው ነው። የእኛ ሙያ ሰዎችም ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አዋጁ የጸደቀ ቀን ዜና እንሠራለን፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ማን ተጠቀመ ብለን ግን አንመለስም።

ዳላስ

ኬኔዲ የሕጋቸውን ውድቀት ለማየት አልደረሱም። ኖቬምበር 22 ቀን 1963 በቴክሳስ ግዛት ዳላስ ከተማ በክፍት መኪና ሲሄዱ በጥይት ተገደሉ። ዕድሜያቸው 46 ነበር። ሕጉን ከፈረሙ ገና 13 ወር ማለፉ ነው።

ከዚያ በፊት በኦክቶበር 1963 መጀመሪያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋሽንግተን ሲገቡ በባቡር ጣቢያው ተገኝተው የተቀበሏቸው ኬኔዲ ነበሩ። ሁለት ወር ሳይሞላ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው ከፈረንሳዩ ደ ጎል ጋር ከአስከሬኑ ኋላ በእግር ሄዱ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1962 ኬኔዲ ያቋቋሙት የሰላም ጓድ ከ270 በላይ ወጣት አሜሪካውያንን ወደ ኢትዮጵያ ልኮ ነበር፤ አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሩ። ቤተ መጻሕፍቱም ስማቸውን የያዘው በዚህ ወዳጅነት ነው።

ከሞታቸው በኋላ የሕጉ ዕጣ

በ1974 ኮንግረሱ አዲስ የንግድ ሕግ አወጣና መቆለፊያዎቹን ፈታ። የገባው ዕቃ ከቀረጥ ቅነሳ የመጣ መሆኑን ማረጋገጥ ቀረ፤ ዋና ምክንያት መሆኑ ቀርቶ ጉልህ አስተዋጽኦ ማድረጉ በቂ ሆነ። ማረጋገጡም ወደ ሠራተኛ ሚኒስቴር ዞረ። በሩ ሲከፈት ሰዉ ጎረፈ። በ1980 የጃፓን መኪና ዲትሮይትን ባናጋበት ጊዜ ከ500 ሺህ የሚበልጡ ሠራተኞች ድጋፉን ወሰዱ፤ ወጪው 1.6 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። አብዛኞቹ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ፕሬዚዳንት ሬገን ክፍያውን ቀነሱት፤ ትኩረቱ ወደ ሥልጠና ዞረ። ከሜክሲኮና ከካናዳ ጋር የተደረገው ስምምነት በ1994 ሥራ ላይ ሲውል ለእሱ የሚሆን ሌላ ፕሮግራም ተጨመረ። በ2002 የጤና መድን ድጎማ ገባበት፤ ዕድሜው ከ50 ያለፈና በአነስተኛ ደመወዝ ሌላ ሥራ የያዘ ሰው የልዩነቱን ከፊል የሚያገኝበት አሠራርም መጣ። በ2009 የአገልግሎት ዘርፍ ሠራተኞችም ተካተቱ።

ታዲያ ሥልጠናው ጠቅሟል ወይ? መልሱ አንድ አይደለም። በ2012 ለሠራተኛ ሚኒስቴር የተሠራ ትልቅ ጥናት ተጠቃሚዎቹ ከአራት ዓመት በኋላም ከተመሳሳዮቻቸው ያነሰ ገቢ እንደነበራቸው አገኘ። ትምህርት ላይ ሆነው የሥራ ልምድ እየራቃቸው፣ የተማሩትም ሙያ በከተማቸው ቀጣሪ እያጣ። ከዚያ ወዲህ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ለአሥር ዓመት ቢታይ ገቢያቸው በጉልህ እንደጨመረ ያሳያል። የሆነ ሆኖ ኮንግረሱ ፕሮግራሙን ሳያድሰው ቀረና ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ሠራተኛ ሚኒስቴር አዲስ አመልካቾችን ማጽደቅ አቆመ። ከፊርማው ስድሳ ዓመት ሊሞላ ሦስት ወር ሲቀረው ማለት ነው።

ለእኛስ?

ይህ የአሜሪካ ታሪክ ነው፤ ጥያቄው ግን ከእኛም ደጅ ደርሷል። ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ገበያ አስወጣች። ከዚያው ውሳኔ ጋር ተያይዞ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን ያነቃቁ የውጭ ገዢዎች ትእዛዛቸውን ቀነሱ፣ ጥለው የወጡም አሉ። ሥራቸውን ያጡት በብዛት ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። በእርግጥ የእነሱ ጉዳይ ከሎረንስ ፈታዮች ይለያል፤ የሎረንሶቹን የጎዳቸው የገባው ዕቃ ነው፣ የሐዋሳዎቹን የጎዳቸው መውጫው መዘጋቱ ነው። ነገር ግን ሁለቱም ባልተቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ በተወሰነ የንግድ ውሳኔ እንጀራቸውን ያጡ ናቸው። በእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ሠራተኛ ሲቀነስ አሠሪው የስንብት ክፍያ ይከፍላል። አንድ ዓመት ለሠራች ልጅ የጥቂት ወር ደመወዝ ቢሆናት ነው። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ የሚከፍል የሥራ አጥ መድን የለም። ያላት ቤተሰብ ነው።

ኬኔዲ ፍጹም ሰው አልነበሩም፤ ሕጋቸውም ፍጹም አልነበረም። የፋብሪካ በር ሲዘጋባቸው አላደሩም። ነገር ግን ለእነዚያ የጡብ ሕንፃዎች ሠራተኞች ያቀረቡትን ሐሳብ በ1954 ሲወድቅ አልተዉትም፤ ስምንት ዓመት ቆይተው ሥልጣን ሲይዙ አነሱት። ያነሱት ሐሳብም ቀላል ነው። አገር ከንግድ ካተረፈች የከሰረውን ዜጋ መካስ ምጽዋት ሳይሆን ዕዳ ነው። የቸገራቸው ዕዳውን ማመን አልነበረም። የቸገረው መክፈሉ ነው።

አንድ ቀን የእኛም አገር ገበያዋን በሰፊው ስትከፍት፣ ስለ ቀረጡ መጠን የሚሟገት ባለሙያ አይጠፋም። ስለ ፈታይዋ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ግን ከአሁኑ ይዘጋጅ።